የመቅደላው ሕፃን የትምህርት ቤት አለቃ ሆነ
የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የማንበብ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ያለፈውን ዘመን ማወቅ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ዛሬ ለያዘን ችግር ካለፈው ሰው ሥራ ምክር መፈለግ ነው። በዚህ እትም የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ይልቁንም ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥቅም ነው።

ችግሩ ምን እንደ ሆነ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበረ። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት የማካካሻውን ትምህርት ዓመት በጭንቀት ካሳለፉ በኋላ ነው።

ይህ ውጤት ከተሰማ ወዲህ በየቡና ቤቱና በየታክሲው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፣ ስልክ አጠፋቸው፣ የዛሬ ልጅ ትምህርት አይገባውም ይባላል። በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል፣ በቦሌና በየካ ወረዳዎች ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላም ይጨመራል። በእነዚህ ሰፈሮች የጥንቱ ባለርስት ገበሬ ልጅ፣ በዕጣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከመሐል ከተማ የወጣው ሠራተኛ ልጅ፣ ከክፍለ ሀገር ለሥራ የመጣችው እናት ልጅ፣ በቤቱ አማርኛ የሚናገረው፣ ኦሮምኛ የሚናገረው፣ ጉራግኛና ትግርኛ የሚናገረው ሁሉ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እንዲህ ከየአገሩ የተቀላቀለ ክፍል ውስጥ ጥሩ ትምህርት አይገኝም የሚሉ ሰዎች አሉ። አቅም ያለውም ወላጅ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ይወስዳል።

ይህ ፍርድ እውነት ነውን? ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የጎንደር ተወላጅ ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። የሰውዬው ሕይወት ራሱ ለጥያቄው መልስ ይሆናልና ከመጀመሪያው እንተርከዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ የመቅደላ ሕፃናት

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ከነጋድራስ እሸቴና ከወይዘሮ ደስታ ተወለደ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነበረ፤ የንጉሡም ኃይል ወደ ማለቂያው ደርሶ ስለ ነበር ቤተ ሰቡ ከብዙ ሰው ጋራ ወደ መቅደላ አምባ ተወሰደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። በዚያ ሽብር ውስጥ የሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሕፃን የነበረው ወርቅነህ ከዘመዶቹ ተለይቶ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል አንሥቶ ይዞት ወደ ህንድ አገር ሄደ።

ከዚያው አምባ በዚያው ጊዜ ሌላ ሕፃን ወጥቷል። እርሱም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዕድሜው ሰባት ዓመት ያህል ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ ሞቱበት። ልዑሉ በንግሥት ቪክቶሪያ ጥበቃ ሥር ሆኖ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር በነበሩት በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እንዲማር ተደረገ። ነገር ግን ትምህርቱ አልሰመረለትም። ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ የሚያውቀውና የሚወደው ሰው ሁሉ እየተለየው አደገ። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ታሞ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ።

የወርቅነህ ዕድል በዚህ አንጻር ሲታይ ዝቅተኛ ነበረ። የንጉሥ ልጅ አይደለም፤ የሚጠብቀው ዘውድ የለም። ቻምበርሌን በሞተ ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስሙም ከሁለቱ መኰንኖች ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ትምህርቱን የጀመረው በፑንጃብ ግዛት በአምሪትሳር ከተማ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ነው። ፑንጃብ ሂንዱው፣ እስላሙ፣ ሲኩና ክርስቲያኑ ተቀላቅለው የሚኖሩበት አገር ነው። ከዚያም ወደ ላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ተመረቀ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤድንብራ የሐኪምነቱን ማዕርግ ከፍ አደረገ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። አንዱ ሕፃን የንጉሥ ዘር ነው፤ የተማረው ባለጠጎች ልጆቻቸውን በሚልኩባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ሌላው የነጋዴ ልጅ፣ የተማረው ድሀውና ሀብታሙ በሚገናኙበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በትውልድና በትምህርት ቤት ስም ብቻ ብንፈርድ ኖሮ የሚበልጠው ማን እንደሚሆን ለመናገር ባልቸገረን ነበር። ዳሩ ግን ፍሬው ተገላቢጦሽ ሆነ። ልዑል ዓለማየሁ በተፈጥሮው ደካማ ነበረ ለማለት ማንም ምክንያት የለውም። ለወርቅነህ የተገኘለት፣ ለዓለማየሁ ግን ያልተገኘለት ነገር ሳይቋረጥ በአንድ አገር ተቀምጦ መማር፣ ከታች ወደ ላይ በደረጃ መውጣትና መንገዱን እስኪፈጽም የሚረዳው ሰው ነው። ይህን ሦስት ነገር የንጉሥ ገንዘብ ብቻውን ሊገዛው አልቻለም።

ስማቸውንና ቋንቋቸውን ፍለጋ

ዶክተር ማርቲን በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሆነው በበርማ አገር በሐኪምነት ሲያገለግሉ ኖሩ። ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ዳሩ ግን የወላጆቻቸውን ማንነትና የገዛ ስማቸውን አያውቁም ነበር። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በዓለም ላይ በተሰማ ጊዜ የአገራቸው ናፍቆት ተቀሰቀሰባቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም በ1891 ዓ.ም. ገደማ በሐረር በኩል አድርገው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዳግማዊ ምኒልክም በደስታ ተቀበሏቸው።

ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መምጣቱ በየአገሩ ሲወራ ነገሩ ለአያታቸው ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷም ረጅሙን መንገድ ተጕዘው መጡና በልጅነታቸው በሰውነታቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ ተናግረው ምልክቱ በተገኘ ጊዜ የልጅ ልጃቸው መሆናቸው ተረጋገጠ። ስማቸውም ወርቅነህ መሆኑን ያን ጊዜ አወቁ። ነገር ግን አያትና የልጅ ልጅ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበረ። ሐኪሙ እንግሊዝኛና የህንድ ቋንቋ ያውቃሉ፤ በበርማም ሠርተዋል፤ የእናታቸው ቋንቋ ግን ጠፍቶባቸዋል።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው አማርኛን እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ሊማሩ ግድ ሆነባቸው። በትምህርት የተካኑ ሐኪም በገዛ አገራቸው ገበያ ቆመው የሚባለውን ሳይሰሙ ሲቀሩ፣ አላዋቂ መሆንና ቋንቋ አለማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በራሳቸው ላይ አዩት። የዕለት ማስታወሻቸውን እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ይጽፉ የነበረ ቢሆንም የአገራቸው ልጆች በአገራቸው ቋንቋ እንዲማሩ ያደረጉት ጥረት ከዚህ ኑሯቸው የመነጨ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የእንግሊዝ መንግሥት አገልጋይ ስለ ነበሩ ዕረፍታቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህም በተለያየ ጊዜ እየመጡ ይሄዱ ነበር። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ታመው የነበሩትንም ዐፄ ምኒልክን ከሚያክሙት አንዱ ነበሩ። ከአራት ኪሎ በቀበና አልፎ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሰው በመንገዱ የሚያየው ሰፊው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ያን ጊዜ የነበረው ሌጋሲዮን ነው። አካባቢው በዚያን ዘመን ከከተማው ውጭ የነበረ ገጠር ነው። ዛሬ የኮከበ ጽባሕ ተማሪዎች በጠዋት ደብተራቸውን ይዘው የሚጐርፉበት ሰፈር ሆኗል።

በ1911 ዓ.ም. ጡረታቸውን አስከብረው ለዘለቄታው በአገራቸው ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ ሥራቸው ብዙ ነው፤ ሕክምናም ዳኝነትም መንገድ ማሠራትም አለበት። እኛ ግን የምናተኩረው በትምህርቱ ላይ ነው።

የትምህርት ቤት አለቃ

ለዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። አቡነ ማቴዎስ የአውሮፓ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለ ፈሩ መምህራኑ በሐና ሳሊብ መሪነት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ትምህርቱ በአብዛኛው ቋንቋ ማጥናት ነው፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በገዛ ገንዘባቸው ያሠሩት ሁለተኛው ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተመረቀ። የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ነበረ።

የትምህርት ቤቱን ችግር የዛሬ ተማሪ ቢሰማው እንግዳ አይሆንበትም። መምህራኑ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸው። አንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለጂኦግራፊ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ የለም ለማለት ይቻላል። ተማሪዎቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ከባለሥልጣን ቤት የመጣው በቅሎውን አስጭኖ ሎሌ አስከትሎ ይመጣል፤ ሌላው የዘበኛ ወይም የድሀ ልጅ ነው። አንዱ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሞ የመጣ ነው፤ አንዱ ፊደል አልቆጠረም። እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ክፍል አስቀምጦ በባዕድ ቋንቋ ማስተማር ነበር።

የዚያን ጊዜ ሰው የዛሬውን የመሰለ ፍርድ ይሰጥ ነበር። ትምህርት የሚገባው ለባላባት ልጅ ነው፤ የድሀ ልጅ ቢማርም ይጠግባል እንጂ አይጠቅምም የሚሉ ነበሩ። የውጭ አገር ሰዎችም ብዙዎቹ አበሻ ሥጋውያን ጥበቦችን ለመማር ተፈጥሮው አይደለም ይሉ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በህንድ አገር ከልዩ ልዩ ሕዝብ ልጆች ጋራ ተምረው ከሁሉ እኩል ስለ ወጡ ለዚህ ወሬ ቦታ ሊሰጡት አይችሉም። እርሳቸው ራሳቸው የወሬው ሐሰትነት ምስክር ነበሩ።

ለትምህርቱ ካደረጉት አገልግሎት ዋናው በ1920 ዓ.ም. አካባቢ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው ማሳተማቸው ነው። ይህ ትንሽ ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አማርኛን በጎልማሳነታቸው የተማሩ፣ ሐሳባቸውን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ የሚቀላቸው ሰው ስለ አህጉራት፣ ስለ ባሕሮችና ስለ መንግሥታት ለአንድ የኢትዮጵያ ልጅ በሚገባው ቃል ለመጻፍ ምን ያህል እንደ ደከሙ መገመት ያስፈልጋል። ትምህርቱ ለልጁ ከብዶት ሲያዩ ልጁን ከመንቀፍ ይልቅ መጽሐፉን ለመሥራት ተነሡ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1923 ዓ.ም. የትምህርት አማካሪ ሆነው የመጡት አሜሪካዊው ኧርነስት ወርክም ከውጭ የተቀዳው ትምህርት ለኢትዮጵያ ልጆች እንደማይስማማና የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት እንደሚያስፈልጉ አመልክተዋል።

ሌላው ሥራቸው ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በ1916 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ባሪያዎች በየደረጃው ነፃ እንዲወጡ ያዝ ነበር። ይሁን እንጂ ነፃ የወጣው ልጅ ወዴት ይሂድ? መሬት የለውም፣ ዘመድ አያውቅም፣ ሙያም የለውም። ሐኪም ወርቅነህ ፍቅርና አገልግሎት የሚባለውን ማኅበር መሥርተው ነፃ የወጡ ልጆች ንባብና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በአንድ በኩል የመኳንንቱን ልጆች የሚያስተምረውን ትምህርት ቤት ሲመሩ፣ በሌላ በኩል ትናንት በገበያ ሲሸጡ ለነበሩት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በልጅነታቸው ከዘመድ ተለይተው በባዕድ እጅ ያደጉ ሰው የእነዚህን ልጆች ኑሮ ከማንም አብልጠው ያውቁታል።

እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የትምህርት ቤቱ በር ለወንዶች ብቻ የተከፈተ ነበር፤ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስኪቋቋም እስከ 1924 ዓ.ም. መቆየት ግድ ሆነ። የተማሪዎቹም ቁጥር ከአገሩ ስፋት ጋራ ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በመላው አገር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ወደ 4,000 ብቻ ነበሩ። ሐኪሙም በአንድ ሥራ ላይ ብዙ እንዲቆዩ አልተፈቀደላቸውም፤ የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ መንግሥት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ያዘዋውራቸው ነበር።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣና ግድብ ጉዳይ ተሰጥቷቸው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በኒው ዮርክም ጄ. ጂ. ኋይት ከሚባለው የሥራ ኩባንያ ጋራ ተነጋገሩ። በዚያው አጋጣሚ በሃርለም የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካውያን ጎብኝተው ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩና እንዲያስተምሩ ጋበዙ። የመምህር እጦት የት ድረስ እንዳስኬዳቸው ልብ እንበል። ቀጥሎም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ ሆነው ለአገሩ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል የተባለውን አስተዳደር አቋቋሙ።

የልጆቻቸው ሞት

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። ጣልያን አገራችንን በወረረች ጊዜ በእንግሊዝ ሕዝብ ፊት የኢትዮጵያን በደል እየዞሩ ሲናገሩ፣ ገንዘብና መድኃኒት ሲለምኑ ቆዩ።

ሁለቱ ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር በሎፍበሮ የምሕንድስና ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አገራቸው ገብተው ተዋጉ፤ የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ካዴቶች ባሉበት በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ሲያደርጉ ዋናው ዒላማቸው የተማረው ወጣት ነበረ። ብንያምና ዮሴፍም ተገደሉ።

የሽማግሌው ሐዘን ምን ያህል እንደ ሆነ ለመግለጽ ቃል አናገኝም። የአገሩም ጉዳት ከዚህ ያነሰ አይደለም። በተፈሪ መኮንን፣ በምኒልክና በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች በብዙ ድካም የተገኙት ጥቂት የተማሩ ሰዎች በጥቂት ቀንና ወራት ውስጥ አለቁ። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ትምህርት ቤቶቹን የሚከፍት፣ ጠመኔ የሚይዝ ሰው መጥፋቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ ስለ መምህራን ጥራት ስንነጋገር ያ ትውልድ መተካት ስላቃተው ስለ ደረሰብን ጉዳት ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1935 ዓ.ም. ከከተማው በስተ ምሥራቅ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለማየት በቁ። በዚያ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች በአንድ አዳሪ ቤት ተኝተው፣ በአንድ ገበታ በልተው ይማሩ ነበር። በቋንቋና በትውልድ የተለያዩ ነበሩ፤ ከእነርሱም ለአገር የጠቀሙ ደራስያን፣ ሐኪሞችና ሹማምንት ወጥተዋል። ዛሬ የመምህራን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውም በዚያው በኮተቤ ሰፈር ነው። ቀድሞ እርሳቸው ይመሩት የነበረውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከነፃነት በኋላ የያዙት የካናዳ ኢየሱሳውያን አለቃ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ሥራ አስጀመሩ። እንግዲህ የእኛም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሥሩ ሲቆፈር ወደዚያው ወደ 1917 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ይደርሳል። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ለእኛ የሚቀረው ትምህርት

እኚህ ሰው በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። ሐኪም በሽተኛ ሲመጣለት በሽተኛውን አይሳደብም። ምላሱን ያያል፣ ደረቱን ያዳምጣል፣ የበላውንና የተኛበትን ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ያዛል። ሐኪም ወርቅነህ ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡም ይዘው የገቡት ይህንኑ ልማድ ይመስለናል። መጽሐፍ ሲጠፋ መጽሐፍ ጻፉ፤ መምህር ሲጠፋ ባሕር ተሻግረው መምህር ፈለጉ፤ ማንም የማይቀበለው ልጅ ሲገኝ ማኅበር አቋቋሙ። የልጆቹን ዘር ሲመረምሩ አልተገኙም።

ዛሬ በቦሌ ወይም በኮተቤ አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ የወደቀውን የ10ኛ ክፍል ልጅ ብንጠይቀው ምን እናገኛለን? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ግን እንግሊዝኛውን በሚገባ ሳይይዝ ወደዚያ ደርሷል። የሒሳቡን ጥያቄ ቢያውቀውም የጥያቄውን ቃል አልተረዳውም። ሐኪም ወርቅነህ በአያታቸው ፊት በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ የደረሰባቸው ይህ ነው፤ እርሳቸውን ደንቆሮ ብሎ የሚጠራ ግን አልነበረም። ሌላውን ልጅ ብንጠይቀው ቤተ ሰቡ ቤት እየለወጠ በሦስት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት መዞሩን ይነግረናል፤ የልዑል ዓለማየሁም ዕጣ እንዲህ ነበረ። ሌላዋ ከመንቃቷ በፊት ውሃ ልትቀዳ፣ ከትምህርት በኋላም ልትሸጥ የምትወጣ ናት። እንግዲህ ለሦስቱም አንድ ስድብ ሰጥተን ማለፍ ምን ዓይነት ሐኪምነት ነው?

በሌላ በኩል ተማሪው ራሱ መትጋት የለበትም ማለታችን አይደለም። ወርቅነህ በላሆር የተመረቁት ተግተው ስላጠኑ እንጂ ኮሎኔል ማርቲን ስለ ከፈለላቸው ብቻ አይደለም። ነገር ግን ትጋት መንገድ ሲያገኝ ነው ፍሬ የሚሰጠው። መንገዱን መክፈት የመንግሥት፣ የመምህራንና የወላጆች ሥራ ነው፤ ከእኛም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድርሻ አለበት።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕግ የለብንም፤ ሆኖም በክረምት በበጎ ፈቃድ የማስጠናቱ ልማድ አለ። እኛ የምንለው ይህ ነው። ማኅበራችን በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱን ይያዝ። ከየፋኩልቲው ፈቃደኞች ይመዝገቡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ያስጠኑ። በመጀመሪያው ቀን ግን ከማስተማራቸው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የት ላይ እንደ ቆመ፣ ከየትኛው ክፍል ትምህርት ጀምሮ እንደ ጠፋበት ይመርምሩ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ዋና ዋናዎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛና በኦሮምኛ ተተርጕመው በማባዣ መኪናችን ታትመው ይሰጡ። አንድ አስጠኝ የያዛቸውን ልጆች እስከ 12ኛ ክፍል ሳይለውጥ ይከተላቸው፤ ሲመረቅም ለተተኪው በስም ያስረክባቸው።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሳይቋረጥ መገኘት ነው። ከመቅደላ የወጡት ሁለቱ ሕፃናት ታሪክ ያስተማረን ዋናው ነገር ይኸው ስለ ሆነ፣ በመጪው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነገሩ በአጀንዳ እንዲያዝ እንጠይቃለን። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙንና የሚያስጠናውን ትምህርት ጽፎ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ ይጨምር።